እንዲቀልላት ብዬ

ባለፈው ሰኞ ልጄ ሰናይት ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አራት ወር አራስ ቤት ከርማ ወደ ሥራ የተመለሰችበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ሕፃኑን ሰጠኋት፤ ጡቷን አጎረሰችውና ግድግዳውን ታይ ጀመር። እኔ ደግሞ ሰው ዝም ሲል አልወድም።

“ምን ሆንሽ?”

“ምንም አልሆንኩ፣ አባባ።”

“ምንም ያልሆነ ሰው ከነጫማው አይቀመጥም።”

ጫማዋን በእግሯ ገፍታ እያወለቀች ነገረችኝ። የምትሠራው እዚሁ ሀርጌሳ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው። ከመውለዷ በፊት በመኪና ገጠር እየወጣች የውኃ ጉድጓድ የምታይ እሷ ነበረች። “ፊልድ” ይሉታል። ፊልድ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ከደመወዙ በላይ የሚጨመርለት አለ። ያን ቀን ስትመለስ ፊልዱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ እሷ ወረቀት የሚደረደርበት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ተዘጋጅቶላት አገኘች። ጭማሪውም አብሮ ቀርቷል።

“አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም” አለች። “‘ሕፃን ይዘሻል፤ እንዲቀልልሽ ብለን ነው’ አለኝ። ፈገግ ብሎ።”

ተነሳሁ። ጫማዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ማጥለቅ ጀመርኩ።

“ወዴት ነው?”

“መሥሪያ ቤትሽ።”

“አባባ፣ በዚህ ሰዓት ዝግ ነው።”

“እንግዲያው ነገ በጠዋት። ካልሰሙኝም ሥራውን ትተሽ ልጅሽን ታሳድጊያለሽ። እኔ ገና አልሞትኩም።”

ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ከእሷ ሳይሆን ከሌላ ሴት ዓይን። የአንዱን እግር ማሰሪያ አስሬ የሌላውን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። እንዲቀልልሽ። ይህችን ቃል እኔም ብያታለሁ። በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ አፌ፣ ጥርሴ ሙሉ በነበረ ጊዜ።

ያን ጊዜ ሀርጌሳ ጣሪያ የሌላት ከተማ ነበረች። ጦርነቱ አልፎ ሰው ከስደት እየተመለሰ ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው የለም፤ በሩ ተነቅሏል፤ የመስኮቱ ቦታ ባዶውን ያፈጥጥባችኋል። ሰው በገዛ ግቢው ውስጥ ከጨርቅና ከላስቲክ ጎጆ ቀልሶ ይተኛና፣ በጎን ድንጋይ ያስጠርባል። ጠዋት ከአዛን ቀጥሎ የሚሰማው መዶሻ ነበር። ከዚህም ከዚያም ቋ ቋ ሲል፣ ከተማው ራሱ ጥርሱን እያበቀለ ያለ ይመስል ነበር።

እኛ ከወዲያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ይህን መዶሻ ሰምተን የመጣን ነን። እኔ ከወሎ ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመቴ ነበር፤ በጅጅጋ አድርጌ ድንበሩን በቶጎ ውጫሌ በእግሬ ተሻገርኩ። ዳሚ ሰፈር ውስጥ ለአምስት አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ጠዋት ላሆህ እንበላለን፤ የእኛ እንጀራ ታናሽ ወንድም የሚመስል ቂጣ ነው፣ ስኳርና የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል። ሄል የሚባል ቅመም የገባበት የወተት ሻይ እናወራርድበትና ደረቁን ወንዝ ተሻግረን ወደ ሥራ። ዛሬ ያንን ላሆህ እበላለሁ፤ ዘይቱም ያው ነው፣ ስኳሩም ያው ነው። ጣዕሙ ግን ያኔ ቀረ። ሐኪሙ ስኳር ስለከለከለኝ ነው ትላለች ልጄ። ይሁንላት።

የምንሠራው ሃያ ስድስት ጁን በሚባለው ሰፈር አንድ ባለ ፎቅ ቤት ነበር። የቤቱ ባለቤት ኤዶ ሳህራ ይባላሉ፤ “ኤዶ” ማለት አክስት ማለት ነው፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የሰባት ልጆች እናት። ስደት ላይ ድሬዳዋ ዓመታት ስለኖሩ አማርኛ እንደኛው ይናገራሉ። ከሰዓት በኋላ ጥላቸውን ዘርግተው ይመጡና ግድግዳውን እየዳሰሱ ይዞራሉ። የሥራው ካቦ ጋሽ ወርቁ ነበር። የሥራ ተቋራጩ ገንዘቡን ለእሱ ይሰጣል፤ እሱ ለእኛ ያከፋፍላል። ማን ላይ እንደሚወጣ፣ ማን ታች እንደሚቀር የሚወስነውም እሱ ነው።

የሺመቤት ለሳኝ ነበረች። አዎ፣ ሴት ለሳኝ። አባቷ ደሴ ውስጥ የታወቁ ግንበኛ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሙያውን ለእሷ ሰጧት። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ እዚህ አመጣትና፣ በርበራ ደርሼ ልምጣ ብሎ ባሕር ተሻግሮ ቀረ። ስትፀንስ እንኳ አላወቀም። ጋሽ ወርቁ መጀመሪያ ሥራ ስትጠይቀው ሳቀ አሉ። የሠራችውን ማዕዘን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። እንደ ማንኛውም ወንድ ለሳኝ፣ የለሳኝ ሒሳብ ይከፍላት ነበር።

እኔ የእሷ አቀባይ ነበርኩ። ታች አሸዋና ሲሚንቶ አቦካለሁ፤ በባልዲ እስብላታለሁ፤ እሷ የእንጨቱ ርብራብ ላይ ቆማ ትለስናለች። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ የባሏን ሸሚዝ እጅጌ ጠቅልላ። ሲሚንቶውን በልስን ማንኪያዋ ወርውራ ግድግዳው ላይ ስታጣብቀው ጠብታ አይወድቅም። ከዚያ በጠፍጣፋው እንጨት ክብ ክብ እያደረገች ታሻሸዋለች፤ መጨረሻ ላይ በመዳፏ ትዳስሰዋለች።

“ና ውጣ፣ ደምሴ” ትለኛለች የምሳ ሰዓት ሲሆን። “ዓይንህን ጨፍንና ዳስስ። የት ነው ያበጠው?”

“የትም።”

“ውሸታም። እዚህ ጋ ነው። ዓይን ይሸነግልሃል፣ መዳፍ አይሸነግልህም። ደግሞ ግድግዳ ፊት ለፊት ካየኸው ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። ከጎን እየው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ከጎን።”

እንዲህ እያለች አስተማረችኝ። ማንም እንድታስተምረኝ አላዘዛትም። ከርብራቡ ላይ ናሳ ሀብሎድ፣ ሁለቱ መንታ ኮረብቶች ይታያሉ። እኔ ኮረብታ አላየሁም፣ እውነቱን ለመናገር። እሷን ነበር የማየው። ሆዷ እየገፋ ሄደ፤ እስከ ስምንተኛ ወሯ እላይ ሠራች። አንድ ሐሙስ፣ ዓርብ እረፍት ስለሆነ ሒሳብ የሚከፈለው ሐሙስ ነው፣ ከርብራቡ ቀስ ብላ ወረደችና ጠራችኝ።

“ደምሴ፣ እንግዲህ ሄድኩ። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። ክርስትና አስነስቼ እመለሳለሁ። ጋሽ ወርቁ ሌላ ሰው ከማስገባቱ በፊት ነግሬዋለሁ፤ ቦታዬን አንተ ያዝልኝ።”

“እይዝልሻለሁ።”

“አደራ?”

“አደራ። በሰማይ በምድር።”

“ማንኪያዬን ግን አልሰጥህም” ብላ ሳቀች። “የራስህን ግዛ።”

ሴት ወለደች። ትብለጥ አለቻት። በአሥረኛው ቀን ማርና ቅቤ ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ትራሷ ሥር የብረት ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ያች የልስን ማንኪያ ናት። በእኛ አገር አራስ ብረት ከአጠገቧ አይለይም፤ ለክፉ ነገር መከላከያ ነው ይላሉ እናቶች። ሰው ቢላ ያደርጋል።

“ቢላሽስ?” አልኳት።

“ቢላማ ሽንኩርት ይቆርጣል። የእኔ ብረት ይኼ ነው። ሰይጣን ሲመጣ እለስነዋለሁ።”

እኔ እንግዲህ በዚያ ሁሉ ጊዜ እሷ ቦታ፣ ርብራቡ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ግድግዳው የግመል ጀርባ ይመስል ነበር፤ በኋላ ተሻሻለ። በየሐሙሱ የለሳኝ ሒሳብ ይሰጠኛል፤ የዚያን ጊዜ ሽልንግ በላስቲክ የታሰረ እንደ ጡብ የሚከብድ እስር ነበር፣ የካፖርቴ ኪስ አልችለው ይላል። አዲስ ሸሚዝ ገዛሁ። ለእናቴ ላኩ። ሰውም “ሙያተኛው” ይለኝ ጀመር። በልቤ ደግሞ አንድ ሐሳብ አደገ፦ ከዚህ በኋላ እኮ ወንድ ነኝ፤ የሺ ስትመለስ፣ ባሏም እንደማይመጣ ታውቋል፣ አብረን እንሁን ብዬ ልጠይቃት እችላለሁ። በገዛ ሒሳቧ ልጠይቃት እንደተሰናዳሁ ያኔ አልገባኝም።

ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ሐሙስ ምሳ ላይ፣ ጋሽ ወርቁ የሩዙን ትሪ ከብበን ሳለን ወሬውን አነሳ።

“የሺ ቅዳሜ ትመጣለች። ምን ላድርጋት?”

“ርብራብ ላይማ እንዴት ትወጣለች?” አለ አንዱ። “አራስ እኮ ናት። ከፍታ ያዞራታል።”

“ምች ይመታታል” አለ ሌላው። “በዚህ ፀሐይ ጡቷም ይነጥፋል።”

ሁሉም ከልቡ ነበር። እናቱን፣ እህቱን ያስታወሰ ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ እሷን የማውቃት እኔ ነኝና። አንድ ጉርሻ ዋጥኩና እንዲህ አልኩ፦

“ታች ጥላው ውስጥ ትሁን። አሸዋ ትንፋ፣ ታቀብል። እኔ ላይ እቆያለሁ። እንዲቀልላት ብዬ ነው።”

“መልካም አሰብክ” አለ ጋሽ ወርቁ።

ጉርሻው እንኳ አላነቀኝም። ያዘንኩላት እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ያ ሐዘን ፊት ለፊት ሲታይ ቀጥ ያለ ነበር። ከጎን ያየው ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ትብለጥን አዝላ መጣች። ማንኪያዋን በነጠላዋ መቀነት ሻጥ አድርጋለች። ሕፃኗን በእጅ ጋሪው ውስጥ ፎጣ አንጥፋ፣ የድንጋዩ ክምር ጥላ ሥር አስተኛቻት። ወደ ርብራቡ ስትሄድ ጋሽ ወርቁ አስቆማት።

“ለጊዜው ታች ሁኚ። እንዲቀልልሽ።”

“ለዛሬ?”

“ለጊዜው አልኩሽ።”

ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ሲሚንቶዬን ማሻሸት ቀጠልኩ። ለመጀመሪያ ቀን አዝነውልኝ ነው ብላ ነው መሰል ወንፊቱን አነሳች። ሳምንቱን ሙሉ አሸዋ ነፋች፣ አቦካች፣ በባልዲ አቀበለች። እሷ ያቦካችው ሲሚንቶ ቅቤ ነበር፣ እጅ ላይ ይቀልጣል። በገመዱ የሳብኩትን ለስኜ ስጨርስ “የሺ! ጨምሪ!” ብዬ እጮህ ነበር። እሷ አንድም ቀን እንደዚያ ጮሃብኝ አታውቅም፤ እላይ በነበረችበት ጊዜ “ደምሴ፣ እስቲ” ነበር የምትለው። ይኼ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። “ጨምሪ!”

ሐሙስ ሲደርስ ጋሽ ወርቁ በርሜል ላይ ተቀምጦ ያድላል። እኔ የእኔን ተቀበልኩ። ከእኔ ቀጥሎ እሷ። እስሩን በመዳፏ መዘነችው፤ መቁጠር አላስፈለጋትም።

“ይኼ የማነው?”

“ያንቺ።”

“የእኔ ይኼ አይደለም። ይኼ የአቀባይ ነው።”

“ያቀበልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?” አለ ጋሽ ወርቁ። “ታች የሠራ የታች ይበላል። ቀላል ሥራ ሰጠንሽ፤ አዝነንልሽ ነው።”

“ታች ልሁን ብዬ ለመንኩህ?”

“ኧረ አንቺ ልጅ! ሁሉም መከረበት እኮ። እንዲያውም ደምሴ ነው ያሰበልሽ።”

ኤዶ ሳህራ ጥላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። “በእኛ አገር” አሉ ቀስ ብለው፣ “የወለደች ሴት በአርባ ቀኗ ትወጣለች፣ ድግስ ይደገስላታል። እናንተ ሰማንያ አስቀመጣችኋት። አሁን ደግሞ ስንት ልትጨምሩባት ነው?” ወንዶቹ ሳቁ። የሺ አልሳቀችም። ልጇን አዘለችና ወጣች።

በሩ ውጭ ደረስኩባት። አቧራ ነበር፤ ሐጋ የሚሉት የደረቅ ወቅት ንፋስ እያፏጨ ዓይን ያሳውራል።

“የሺ፣ በክፉ አይደለም እኮ። ከርብራብ ብትወድቂስ ብዬ...”

“ስምንት ወር ሆዴ ከፊቴ ቀድሞ ስወጣ አልወደቅኩም። አሁን ባዶ ሆዴን ልውደቅ?”

“ፀሐዩስ...”

“ደምሴ!” አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። “ማነው የጠየቀህ? እኔን ጠየቅከኝ? ሰማንያ ቀን ቤቴን ታውቀው የለ? ማር ይዘህ ስትመጣ አፍ አልነበረህም?”

አቧራውን ከዓይኔ ጠረግኩ።

“ልጅ አለኝ አሁን። ሥራው ቀለለ ብለህ፣ ወተቱ ይቀልልኛል? የቤት ኪራዩ ይቀልልኛል? ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ፣ አደራ ብዬህ ነበር።”

ይህን ብላ ሄደች። እኔም ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ ቀረሁ፤ አፌ አሸዋ ሞላ።

ዓርብ ዕለት ዳሚ ክፍላችን በር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ግትር ነኝ፤ ዛሬም ግትር ነኝ፤ ግትር ሰው ደግሞ ጥፋቱን ቶሎ አይውጥም። ጠዋት ላይ ምስጋና ቢስ ናት አልኩ። እኩለ ቀን ላይ፣ እኔስ እናት የለችኝም ወይ፣ ገንዘብ አልልክም ወይ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ፣ የማዶው ቤት ግድግዳ ላይ ብርሃኑ ከጎን ወደቀበት። እኔ በየቀኑ የማልፈው ግድግዳ ነው፤ ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሁለመናው እብጠት ነው። እዚያው ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። አካፋ አነሳሁና አሸዋውን ማገላበጥ ጀመርኩ። ጋሽ ወርቁ መጣ።

“አንተ፣ ምን ታች ያደርግሃል?”

“ታች ነኝ። እሷ ትውጣ።”

“ማን አዘዘህ? እንግዲያው የታች ሒሳብ ነው የምትበላው።”

“ልብላ።”

ይኸው በቃ፣ ጥፋቴን ካስኩ ብዬ አስቤ ነበር። የሺ መጣች፤ እኔን ከነአካፋዬ አየችኝ፤ ርብራቡን አየች። አልወጣችም።

“ውጪ እንጂ” አልኳት።

“ከአንተ እጅ በስጦታ አልወጣም። ቦታው የአንተ ሆኖ ታውቃለህ እንዴ የምትሰጠኝ?”

ሰው ተሰበሰበ። ለሳኞቹም ወረዱ። በሕይወቴ ብዙ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፤ እንደዚያች ቀን ቃል የከበደኝ የለም።

“ስሙ” አልኩ። “ቦታው የእሷ ነበር። እኔ በአደራ ነበር የያዝኩት። ስትመለስ ላስረክባት ቃል ገብቼ፣ እንዲቀልላት ብዬ አፌን ከፍቼ ራሴን አስቀረሁበት። አደራ በልቻለሁ።”

በእኛ ዘንድ ሰው ሌባ ቢባል ይሻለዋል፣ አደራ በላ ከሚባል። እኔ በራሴ ላይ አልኩት። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ምች አላነሳም። ምሳ ላይ ሲያዝኑላት የነበሩት ሁሉ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።

“እሺ” አለ። “ውጪ።”

“በምን ሒሳብ?” አለች የሺ።

“በድሮው!”

“ያለፈችዋስ ሳምንት?”

“አንቺ ሴትዮ፣ አሁን አታድርቂኝ!”

ማንኪያዋን ከመቀነቷ መዘዘችና ወጣች። ስድስት ቀን አሸዋ የነፋችበት እጅ ሲሚንቶውን ሲወረውር፣ ጠብታ አልወደቀም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው እንግዲህ ዛሬ ሌት ተቀን የሚናፍቀኝ። እኔ ታች፣ እሷ ላይ። ትብለጥ በጋሪው ውስጥ። ስታለቅስ እኔ ጋሪውን ወዲያ ወዲህ እገፋላታለሁ፤ ጡት ሲያምራት እናቷ ትወርዳለች። አንድ ጊዜ ኤዶ ሳህራ የግመል ወተት በቅል ይዘው መጥተው “ይኼን ጠጪ፣ አጥንትሽ ይጠናል” አሏት፤ ጠጣችና የቀረውን ለእኔ ሰጠችኝ። ጢስ ጢስ የሚል ወተት ነበር። በየሐሙሱ ደግሞ የራሷን ከተቀበለች በኋላ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትጮህ፣ ሰላምታ እንደምትሰጥ ሰው “ጋሽ ወርቁ፣ ያቺስ ሳምንት?” ትለዋለች። በየሐሙሱ። ቤቱ ተጠናቆ የመጨረሻው ሐሙስ ሲመጣ፣ አፏን ሳትከፍት አንድ እስር ጨመረላት። “ይቺ ሴት መቃብሬ ድረስ ትከተለኛለች” ብሎ ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን፣ ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ የጀመረ ሰሞን፣ ጠየቅኳት። ወንዙ ድንገት ሞልቶ ወደ ዳሚ መሻገር አልተቻለም፤ አዲሱ ቆርቆሮ ሥር ተጠለልን። የረጠበ አቧራ ይሸታል። ትብለጥ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ዝናቡ ጋብ ሲል ድፍረቴ መጣ።

“የሺ፣ አንድ ላይ ብንኖርስ?”

ከቆርቆሮው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ታይ ነበር።

“ያኔ ስለ እኔ ስታወራ እኔን ጠይቀኸኝ ቢሆን፣ ዛሬ ስትጠይቀኝ እሺ እል ነበር” አለችኝ።

“ጥፋቴን በሰው ፊት ተናገርኩ እኮ።”

“ተናገርክ። ማንም ወንድ እንደዚያ ሲል አላየሁም። ቂም የለኝም፣ ደምሴ። ግን ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚወሰን ነገር አለ። ትብለጥ ትማር አትማር፣ እኔ ልውጣ አልውጣ። አንተ ገና አፍህን ሳትከፍት፣ ‘እንዲቀልልሽ ብዬ ነው’ የምትለው ይሰማኛል።”

ከዚያ ልጇን ከጭኔ ላይ አነሳች። ቀስ ብላ፣ እንዳትቀሰቅሳት። ጭኔ ላይ የቀረው ሙቀት ወዲያው አልጠፋም ነበር።

ቤቱ ሲያልቅ በርበራ የመጋዘን ሥራ አለ ተባለና ሄደች። የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ትብለጥን ታቅፋ፣ ማንኪያዋ ከጥቅሉ ውስጥ ብቅ ብላ። አንድ ሁለቴ በሾፌር ሰላምታ ላከችልኝ። ከዚያ ሾፌሩም መንገዱን ቀየረ። እኔ እሷ ባስተማረችኝ ሙያ በሚቀጥለው ቤት ለሳኝ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ዕድሜ ልኬን በሱ በላሁ። ዓመታት ቆይቼ የሰናይትን እናት አገባሁ፤ ነፍሷን ይማር፣ ደግ ሴት ነበረች። ብዙ ጊዜ ሳልጠይቃት ወሰንኩላት መሰለኝ። አሁን መጠየቅ አይቻልም።

የኤዶ ሳህራ ቤት አሁንም ቆሟል። አንድ ቀን በባጃጅ ሳልፍ ወረድኩና ዘበኛውን አስፈቅጄ፣ ደረጃው አጠገብ ያለውን ማዕዘን ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። ቀለም በቀለም ላይ ተቀብቶበታል። ከሥሩ ግን ያው ነው፤ የትም አላበጠም። ዘበኛው “ሽማግሌ፣ ግድግዳው አሞታል እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት የጫማዬን ማሰሪያ በእጄ እንደያዝኩ ይኼ ሁሉ አለፈብኝ። ሰናይት አሁንም ታየኛለች። ማሰሪያውን ለቀቅኩት።

“ሰናይት።”

“አቤት፣ አባባ።”

“አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?”

የጠየቅኳት ነገር ያልገባት ይመስል ሕፃኑን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው። ከዚያ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

“መጀመሪያ” አለች፣ “ይኼን ልጅ ለአንድ ሰዓት ያዝልኝ።”

ያዝኩላት። እሷ ኮምፒውተሯን ከፍታ መጻፍ ጀመረች። እንግሊዝኛ ነው፣ እኔ አላነበውም፤ የአማርኛውንም ፊደል የማነበው እያዘገምኩ ነው። ስትጨርስ በአማርኛ ነገረችኝ፦ ፊልዱ የእኔ ሥራ ነበር፤ እንድተወው የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተውኩትም። ሥራዬም ጭማሪዬም ይመለስልኝ፤ ከዚህ በኋላ እንዲቀልልኝ የምታስቡት ነገር ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁኝ።

“ጠንከር አለ?” አለችኝ።

“አንቺ ታውቂያለሽ።”

ይህን መልስ ከአፌ ለማውጣት ምን ያህል እንደታገልኩ እሷ አታውቅም። ሕፃኑ ደረቴ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ጀርባውን በመዳፌ ይዤዋለሁ። ትብለጥ ዛሬ ከሰናይት ትበልጣለች። የት እንዳለች አላውቅም። ወልዳም እንደሆነ፣ አንድ ፈገግ የሚል ሰው ለእሷም ያችኑ ቃል እያላት ይሆናል። እናቷ በሕይወት ካለች ግን የምትመልሰውን ታውቃለች።

ሰናይት ወደ እግሬ ተመለከተች።

“አባባ፣ ጫማህ እኮ አንዱ ታስሯል፣ አንዱ ተፈቷል።”

“ልሄድ ነበር።”

“አሁንስ?”

“አሁን ካልጠራሽኝ አልሄድም።”

ከመሥሪያ ቤቱ መልስ ገና አልመጣም። በየማታው ስትገባ ፊቷን አያለሁ፣ አልጠይቅም፣ አንዳንዴም እጠይቃለሁ። ጫማዬን ጠርጌ በሩ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ማሰሪያውን ፈትቼ።